ጠቡ በምጣዱ፣ ሪያሉ በሙከይፉ

(በጀራዲያ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። በሥራ ምክንያት መምጣት ያልቻላችሁ እንድታነቡት እዚህ አውጥተነዋል።)

ዓርብ የዕረፍት ቀናችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ልብስ የሚታጠብባት፣ አገር ቤት የሚደወልባት፣ እንቅልፍ የሚጠገብባት ቀን ናት። እሷን ትታችሁ ስለመጣችሁ ወሬ አላበዛባችሁም። የማወራው ስለ መብራት ፋቱራ ነው። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ፣ የሌላችሁ ደግሞ ሞባይላችሁን ክፈቱ፤ ዛሬ ሂሳብ አለ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው የሙቀት ወራት እዚሁ ሰፈራችን፣ ስድስት ክፍል ያለው አንድ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሣ። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ቆጣሪውም አንድ ነው። የሐምሌ ፋቱራ ሲመጣ ሁሉም ደነገጠ። ከዚያ ሁሉም ወደ አንዲት እህት ዞረ፤ እንጀራ ጋግራ ወደምትሸጠው ማለት ነው። «ያንቺ ምጣድ ነው የበላን» ተባለች። በወር 300 ሪያል ለብቻዋ እንድትጨምር ተፈረደባት። እሷም «ከ300 ሪያል በኋላ ምን ይተርፈኛል?» ብላ አልቅሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ነገሩ ወደ ማኅበራችን ሽማግሌዎች የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛም ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ፋቱራውን አስመጣን፣ ቆጣሪው አጠገብ ቆምን፣ ደመርን፣ ቀነስን። ያገኘነውን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። ምክንያቱም ያ ቤት አንድ ብቻ አይደለም። ስንቶቻችን ነን በመብራት ሂሳብ አብሮ አደጋችንን የተቀየምን?

ዋጋው መቼ ነው እንዲህ የሆነው?

ቆየት ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ እዚህ አገር ለመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ በደረጃ ነበር። የመጀመሪያው 2,000 ኪሎዋት በ5 ሐላላ፣ ቀጣዩ 2,000 በ10 ሐላላ፣ ከ4,000 በላይ ያለው በ20 ሐላላ፣ ከ6,000 በላይ ያለው በ30 ሐላላ ይታሰብ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ግን የታችኞቹ ደረጃዎች ቀሩ። ከአንድ እስከ 6,000 ኪሎዋት ድረስ ሁሉም 18 ሐላላ፣ ከዚያ በላይ 30 ሐላላ ሆነ። በዚያው ቀን 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጀመረ። ጁላይ 1 ቀን 2020 ደግሞ ታክሱ ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ።

ይህ ለማን ከበደ? እስቲ እናስላ። በወር 2,000 ኪሎዋት የሚጠቀም ቤት በ2017 የሚከፍለው 100 ሪያል ነበር። ያው ቤት፣ ያው 2,000 ኪሎዋት፣ በ2018 ከነታክሱ 378 ሪያል ሆነ። ከ2020 ወዲህ 414 ሪያል ነው። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በወር 7,500 የሚያቃጥለው ትልቅ ቤት ግን በ2017 ይከፍል የነበረው 1,150 ሪያል ነው፤ አሁን 1,759 ሪያል ከ50 ሐላላ ይከፍላል። ጨመረበት፣ ግን እጥፍ እንኳ አልሆነም። አያችሁ? ብትሩ ያረፈው ትንሽ በሚጠቀመው ላይ ነው። ለዜጎቹ መንግሥት በ2017 መጨረሻ «የዜጎች ሒሳብ» የሚባል ድጎማ ጀመረላቸው። እኛ ዜጋ ስላልሆንን እሱ አይመለከተንም። ስለዚህ የኛ ድጎማ የራሳችን ሂሳብ ማወቅ ነው።

ናፍጣም አለ። በ2024 መጀመሪያ ሊትሩ ወደ 1.15 ሪያል፣ በ2025 መጀመሪያ ወደ 1.66 ሪያል ገባ። እኛ ናፍጣ አንገዛም፤ ግን የውሃ ቦቴውም፣ ዕቃ የሚያመላልሰው መኪናም በናፍጣ ነው የሚሄደው። በበቃላው ዋጋ በኩል ዞሮ ይደርሰናል።

ፋቱራው ላይ ምን ተጽፏል?

ፋቱራ ማለት አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ አይደለም። አራት ነገር ፈልጉበት። አንደኛ፣ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ፤ ልዩነቱ በወሩ የተጠቀማችሁት ኪሎዋት ነው። ሁለተኛ፣ የኪሎዋቱ ዋጋ፤ 18 ሐላላ ስንት፣ 30 ሐላላ ስንት እንደሆነ ለይቶ ያሳያል። ሦስተኛ፣ የቆጣሪ አገልግሎት፤ ይህ ትንሽ ነው። አራተኛ፣ 15 በመቶ ታክስ። ካለፈው ያልተከፈለ ውዝፍ ካለም እዚያው ይደመራል። አዲስ ቤት ስትገቡ ይህን ውዝፍ አደራ እዩት። ከናንተ በፊት የነበረ ሰው ያቃጠለውን መክፈል የለባችሁም። ስለዚህ ገና ዕቃችሁን ሳታወርዱ የቆጣሪውን ቁጥር በሞባይላችሁ ፎቶ አንሡ።

አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። የሐምሌው ንባብ 7,500 ኪሎዋት ነበር። 6,000ው በ18 ሐላላ 1,080 ሪያል። ቀሪው 1,500 በ30 ሐላላ 450 ሪያል። ድምሩ 1,530፤ ታክሱ 229 ከ50፤ ጠቅላላው 1,759 ሪያል ከ50 ሐላላ። ለስድስት ክፍል ሲካፈል 293 ሪያል ከ25 ሐላላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 6,000 የሚለው ወሰን ለአንድ ቆጣሪ ነው፤ ለአንድ ክፍል አይደለም። አንድ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ቢኖር ወሰኑን ላያልፍ ይችላል። እኛ ስድስት ሆነን በአንድ ቆጣሪ ስለምንኖር ግን ማንም ሳያባክን ወሰኑን አልፈን 30 ሐላላ ውስጥ እንገባለን። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 1,500 ማን አቃጠለ ብሎ መጣላት ከንቱ ነው። ሁላችንም ነን ያቃጠልናቸው።

ምጣዱ ስንት በላ?

ቆጣሪው አጠገብ ቆመን ፈተና አደረግን። በቤቱ ያለውን ሁሉ አጠፋን፣ ሙከይፉንም ፍሪጁንም። ምጣዱ ብቻ ለአንድ ሰዓት በራ። ቆጣሪው 3 ኪሎዋት ተኩል ቆጠረ። «ይኸው! አላልንም?» አሉ። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ሙከይፍ ብቻ አብርተን አንድ ሰዓት ጠበቅን። ወደ 2 ኪሎዋት ቆጠረ። በሰዓት ሲታይ እውነትም ምጣዱ ይበልጣል።

ግን ልጅቱ በወር ስንት ሰዓት ትጋግራለች? በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት። በወር 13 ጊዜ ብንል 26 ሰዓት፣ 91 ኪሎዋት። በ18 ሐላላ ከነታክሱ 18 ሪያል ከ84 ሐላላ። ይሁን፣ ክፉኛ እንፍረድባት፤ ሁሉንም በ30 ሐላላ እናስብባት። 31 ሪያል ከ40 ሐላላ። በቃ። 300 ሪያል የተጠየቀችው ለዚህ ነው።

ሙከይፉስ? ከክፍሎቹ በአንዱ ሥራም ተኬደ፣ ተተኛም፣ ሌት ተቀን አይጠፋም ነበር። ኮምፕሬሰሩ በቀን 16 ሰዓት ሠራ ብንል 32 ኪሎዋት፣ በወር 960 ኪሎዋት ነው። በ18 ሐላላ ከነታክሱ 198 ሪያል ከ72 ሐላላ፣ በ30 ሐላላ ከሆነ 331 ሪያል ከ20 ሐላላ። የአንድ ክፍል ሙከይፍ የአሥር ጋጋሪ ምጣድ በላ ማለት ነው። ምጣዱ ቀይ ሆኖ ስለሚግል ዓይን ይስባል፣ ሙከይፉ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይበላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለፋቱራም ይሠራል። የሚቆጥረው ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱን በሰዓቱ አባዝቶ ነው።

እናንተም ይህን ፈተና ቤታችሁ አድርጉት። ምንም ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ፣ ሌላውን አጥፍታችሁ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ሰው በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሙከይፍ አጥፉ አልላችሁም። ሪያድ በሐምሌ ቀኑ 43 እና 44 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ሙከይፍ ቅንጦት አይደለም፤ ልብ ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ሕይወት ነው። ሪያል ለማትረፍ ብሎ በሙቀት የሚወድቅ ሰው እንዳናይ። የምለው ሰው በሌለበት ክፍል አይብራ፣ ሲበራም በአግባቡ ይብራ ነው።

አንደኛ፣ 24 ላይ አድርጉት። 16 ላይ ስላደረጋችሁት ቶሎ አያቀዘቅዝም። በየቤታችን ያለው የመስኮት ሙከይፍ ሲነሣ የሚሠራው በአንድ ኃይል ነው፤ 16 ማለት «ቶሎ» ሳይሆን «አታቁም» ማለት ነው። ቁጥር የሌለው አሮጌ ከሆነ ደግሞ መዘውሩን መጨረሻ ድረስ አታዙሩት። አጠገቡ ቬንትሌተር አብሩ፤ ቬንትሌተር የሚበላው በጣም ትንሽ ነው፣ ነፋሱ ግን 24ቱን እንደ 21 ያደርግላችኋል።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እጠቡ። የሪያድ አቧራ ይታወቃል። የተደፈነ ሙከይፍ ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ማጣሪያውን አውጥቶ በውሃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መጀመሪያ ግን ሶኬቱን ንቀሉ።

ሦስተኛ፣ የበሩን ሥርና የመስኮቱን ዳር ድፈኑ። አሮጌ ጨርቅ ይበቃል። በፀሐይ በኩል ያለውን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ሸፍኑት።

አራተኛ፣ አንዳንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ ወይም መስኮት ላይ ሰሐራዊ የሚባለው፣ ውሃ እያንጠባጠበ የሚያቀዘቅዘው አለ። ንቀነው ቆሞ ይደርቃል። የሪያድ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ በደንብ ይሠራል፤ ጂዳ ቢሆን አይሠራም ነበር። የሚበላው ከሙከይፉ ስምንት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ በወር 15 ወይም 16 ሪያል ቢያስከፍል ነው። ውሃ ይፈልጋል፣ መስኮትም በትንሹ መከፈት አለበት፤ ዘግታችሁ ከተጠቀማችሁ እርጥበቱ ያፍናችኋል።

አምስተኛ፣ ሰኻኑን በሙቀት ወራት አጥፉት። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ራሱ ፈልቶ ነው የሚወርደው። እንዲያውም የጠፋው ሰኻን ቤት ውስጥ ስላለ በውስጡ ያለው ውሃ ይበርዳል። በሰኻኑ ቧንቧ በኩል ብትከፍቱ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የተሻለ ውሃ ታገኛላችሁ። ይህን የምታውቁ ሳቁ፣ የማታውቁ ዛሬ ሞክሩት።

ስድስተኛ፣ ከሐራጅ ኢብን ቃሲም አሮጌ ሙከይፍ ስትገዙ ዋጋው ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ኮምፕሬሰሩ የደከመ ሙከይፍ የሰጣችሁን ቅናሽ በሁለት ሐምሌ ይመልሳል። አዲስ ከሆነ ላዩ ላይ የተለጠፈውን የኃይል ቁጠባ ምልክት እዩ። ስድስት ሆናችሁ ብትገዙ ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው ለስድስት ይቀላል።

ይህ ሁሉ ምን ያመጣል? ያንን ቤት እንደገና እናስላ። ስድስቱም ክፍል በቀን ሰው በሌለበት 7 ሰዓት ሙከይፉን አጠፋ እንበል። ስንመለስ ክፍሉን መልሶ ለማቀዝቀዝ የሚበላውን ቀንሰን፣ የተረፈው የ5 ሰዓት ሥራ ነው እንበል። 2 ኪሎዋት በ5 ሰዓት፣ በ30 ቀን 300 ኪሎዋት ነው። ለስድስት ክፍል 1,800። ከ7,500 ሲቀነስ 5,700። ከ6,000 በታች ወረድን፤ 30 ሐላላ የሚባል ነገር ጠፋ። ፋቱራው 1,179 ሪያል ከ90 ሐላላ፣ ለአንድ ክፍል 196 ሪያል ከ65 ሐላላ ሆነ። ለእያንዳንዱ ክፍል በወር 96 ሪያል ከ60 ሐላላ ተረፈ። ምጣዷን ከቤት አውጥተው ያተረፉት ግን ስንት ነው? ለአንድ ክፍል አምስት ሪያል።

ሂሳቡን እንዴት እንካፈል?

ፍትሕ የሌለበት ቁጠባ አይዘልቅም። አንዱ እያጠፋ ሌላው የሚያበራ ከሆነ፣ የሚያጠፋውም ነገ ይተወዋል። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ተስማሙ። ፍሪጅ፣ ሰኻን፣ የኮሪደር አምፖል የሁሉም ነው፤ በሰው ብዛት ይካፈል። ሙከይፍ የክፍሉ ነው፤ በክፍል ይካፈል። ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ካለች ሰዓቷ የተለየ ነውና በግልጽ ተነጋገሩ። የሚሸጥ ነገር የሚሠራ ሰው ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፎ የኪሎዋቱን ይክፈል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅ። ከተቻለ ደግሞ በባለሙያ ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል። በባለሙያ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

አከራዩስ? ብዙዎቻችን ፋቱራውን አይተን አናውቅም። «መብራት ይህን ያህል ነው» ይባላል፣ እንከፍላለን። በጨዋነት ጠይቁ፤ «ፋቱራውን አሳየን፣ ሙሉውን እንከፍላለን» በሉ። የተለመደው ጨዋታ ሁሉንም ኪሎዋት በ30 ሐላላ አስቦ ማምጣት ነው። 7,500 በ30 ሐላላ 2,250 ሪያል ይሆናል፤ ታክስ ሳይጨምር ትክክለኛው ግን 1,530 ነው። ልዩነቱ 720 ሪያል ነው። ይህን ማስላት ከቻላችሁ መጨቃጨቅ አያስፈልጋችሁም፤ ወረቀቱን ማሳየት ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 መንግሥት በሪያድ የቤት ኪራይ ለአምስት ዓመት እንዳይጨምር ወስኗል። ኪራይ መጨመር የተከለከለበት ሰው በመብራት ስም ሊያመጣው ይችላልና ዓይናችሁን ክፈቱ። በኢጃር የተመዘገበ ውል ያላችሁ ውሉን አውጥታችሁ ስለ መብራት ምን እንደሚል አስነብቡ፤ የቆጣሪውም ቁጥር ከናንተ በር ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቆጣሪው በስማችሁ ከሆነ በኩባንያው መተግበሪያ የየቀኑን አጠቃቀም ታያላችሁ፣ ስህተት ከመሰላችሁም እዚያው ታመለክታላችሁ። ካልፈታላችሁ ከኩባንያው በላይ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለ። «ፋቱራ ሳቢታ» የሚባል አገልግሎትም አለ፤ ያለፈውን ዓመት አማካይ ወስዶ በየወሩ እኩል ያስከፍላችኋል፣ በመጨረሻ ይወራረዳል። ልብ በሉ፣ ይህ ሸክሙን ያከፋፍላል እንጂ አይቀንስም።

ወረቀት የሌላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለብቻችሁ ከማንም ጋር ወደ ክርክር አትግቡ። መጀመሪያ ወደ ማኅበሩ ኑ፤ ሂሳቡን አብረን እንሠራለን፣ የሚነጋገር ሰው እንፈልጋለን። በመዳም ቤት የምትኖሩ ደግሞ፣ መኖሪያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። «መብራት ስለበዛ» ተብሎ ከደመወዛችሁ የሚቆረጥ ነገር ካለ ቀኑንና ልኩን ጽፋችሁ ያዙና ንገሩን።

ለቁጠባ ብለን እንዳንሞት

ይህን ክፍል ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። በክረምቱ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ ሪያድ ሌሊቱ ይበርዳል። ማሞቂያ መብራት ይበላል ብለው ከሰል አቀጣጥለው ክፍል ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ቡና ተፈልቶ የተረፈውን ፍም ከምድጃው ጋር አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትም አለ። እህቶቼ፣ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ጭሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ፍሙ ቀይ እስካለ ድረስ ይወጣል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱን አይሰማውም።

ስለዚህ ቡና ስታፈሉ መስኮት ይከፈት። ከሰል ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ፣ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን። ራሳቸውን የሚያማቸው ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ «ብርድ ነው» አትበሉ፤ ቶሎ ወደ ውጭ አውጧቸው፣ 911 ደውሉ። ለብርድ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከከሰል ይረክሳል።

ሁለተኛው አደጋ ሽቦ ነው። ምጣድና ሙከይፍ በአንድ ማራዘሚያ አይሰኩ። ምጣዱ ለብቻው፣ በግድግዳው ሶኬት፣ በወፍራም ሽቦ ይሥራ። አሮጌ ቤቶች ውስጥ 110 እና 220 የሚባሉ ሁለት ዓይነት ሶኬቶች አሉ፤ ሳታውቁ አትሰኩ። ሶኬቱ ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ሥራውን አቁሙ። ከቆጣሪው ፊት ሽቦ ቀጥሎ «በነጻ» የሚያበራ ሰው ቢመጣባችሁ ደግሞ እሺ አትበሉ። እሱ ሌብነት ነው፣ እሳት ነው፣ ከዚህ አገር የሚያስባርርም ነው።

አገር ቤትስ?

እዚህ ያለው ፋቱራ ሳያንሰን እዚያም ይደወላል። «መብራት ጨመረ፣ ላኩ።» እውነታቸውን ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዲሱ የኢትዮጵያ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተደርጎ ነው የወጣው። ስለዚህ «ባለፈው ላክሁ አይደል?» ብላችሁ አትቆጡ፤ ጭማሪው ዕቅድ ያለው ነው፣ እናንተም በዕቅድ ያዙት። «ሕዳሴው ተመርቆ እንዴት ይጨምራል?» የሚል አለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል፤ ግን ከግድቡ እስከ እናታችን ቤት መስመር፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ አለ፣ እሱም ገንዘብ ነው።

እዚያም ትንሽ ለሚጠቀም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ካለ ግን ሁሉም ወደ ውዱ ደረጃ ይገባል። ልክ እንደኛ ስድስት ክፍል። ቤት የምታሠሩ ሰዎች ከሳሎን ሶፋ በፊት የራስ ቆጣሪ አስቡ። ቤተሰብ የሚከፍለው በቴሌብር ከሆነ የከፈሉበትን ምስል ይላኩላችሁ፤ ለመቆጣጠር ሳይሆን አብሮ ለማስላት። እንጀራ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር በሳምንት ሁለቴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፣ ምጣዱን ማጋል ራሱ ብዙ ይበላልና። በእንጨት የሚጋግሩ ገጠር ላሉት ምርጥ ምድጃ ግዙላቸው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ ላቀች ምድጃ አለች። ለአንድ በዓል ከምንልከው ልብስ ይልቅ እናትን ዓመቱን ሙሉ ከጭስ ያሳርፋል።

የሰይፍ ሣጥን

በዓረብኛ የሙቀት ወቅት «ሰይፍ» ይባላል። በአማርኛ ሰይፍ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፋቱራው ሲመጣ ሁለቱ ትርጉም አንድ ይሆናል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፣ ፋቱራው ቀላል በሆነባቸው ስድስት ወራት፣ በየወሩ 30 ሪያል እናስቀምጥ። ለአንድ ሰው 180 ሪያል ይሆናል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሲከብድ በየወሩ 45 ሪያል መልሶ ይወስዳል። እቁብ አይደለም፣ ዕጣ የለውም፤ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። በመካከል የታመመ ወይም ሥራ ያጣ ካለ ግን በአባላቱ ስምምነት ከሣጥኑ ይበደራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ የመጨረሻውን ፋቱራችሁን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ኑ። ዓረብኛ ማንበብ ለሚከብዳችሁ ተቀምጠን አብረን እናነባለን። ማንም ስንት እንደከፈለ ለማንም አይነገርም።

ያቺን እህት ጠይቃችሁኛል። ሂሳቡን ለቤቱ ሰዎች ካሳየናቸው በኋላ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ ይቅር ብላለች። ወደዚያ ቤት ግን አልተመለሰችም። «ይቅርታው ይቅርታ ነው፣ ግን ዕቃዬን በር ላይ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም» አለች። እውነቷን ነው። እነሱም እስከ ዛሬ እንጀራ የሚገዙት ከሷ ነው። አንድ ሰዓት ቆጣሪው አጠገብ ቆመን ብንደምር ኖሮ እህታችንን ባላጣናት ነበር። እናንተ ሳትጣሉ በፊት ደምሩ።

ሰላም ዋሉ።